ሲላንድን የወለዳት የልደት ስጦታ ነው ወይስ የ100 ፓውንድ ቅጣት?

ይህን የውይይት ክር በመድረካችን ላይ የከፈትኩት አንድ ተረት ስላንገበገበኝ ነው። በሰሜን ባህር ላይ፣ ከእንግሊዝ የሰፎክ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሁለት የኮንክሪት እግሮች የቆመ የጦርነት ምሽግ አለ። ራሷን ሀገር ብላ የሰየመችውና እስከ ዛሬ አንድም መንግሥት እውቅና ያልሰጣት ሲላንድ እዚያ ላይ ናት። ስለ አመሠራረቷ በተነሳ ቁጥር የሚነገረው ሚስቱን የሚወድ አንድ ሻለቃ በልደቷ ቀን ሀገር እንደሸለማት ነው። ቀኑ ትክክል ነው፤ ሮይ ቤትስ ነጻነት ያወጀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1967 ሲሆን ዕለቱ የባለቤቱ የጆአን ልደት ነበር፤ እሷንም ልዕልት ብሏታል። እኔ ግን በመክፈቻ ጽሑፌ ሲላንድ የተፀነሰችው አንድ ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በ1966 መገባደጃ ላይ፣ ያው ሰው ያለ ፈቃድ ሬዲዮ አሰራጭተሃል ተብሎ 100 ፓውንድ ሲቀጣ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የሲላንድ እናት የባህር ሕግ ናት። ማስረጃ ያለው ይቃወመኝ ብዬም ጋበዝኩ። ከዚያ የመጣውን በተራ ቁጥሩ እየጠቀስኩ በራሴ ቃል አቀርበዋለሁ።

1ኛውና 2ኛው መልስ ጨዋ ነበሩ። አንደኛው ስለ ሲላንድ ሰምቶ እንደማያውቅ ጽፎ አመሰገነ፤ ሁለተኛዋ ምሽጉን ማን፣ ለምን እንደሠራው ጠየቀች።

ለእሷ የመጣው 3ኛ መልስ ከክሩ ሁሉ የምወደው ነው። የጻፉት የሲቪል መሐንዲስ ናቸው። እንደ እርሳቸው ማብራሪያ፣ ምሽጉ ባለበት ቦታ ላይ አልተገነባም። ጋይ ሞንሴል የተባለ መሐንዲስ የነደፋቸው አራት የባህር ኃይል ምሽጎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በቴምዝ ወንዝ ዳር ተሠርተው፣ በጎታች ጀልባዎች ወደ ባህር ከተወሰዱ በኋላ፣ ታንኳ መሰል መሠረታቸው ሆን ተብሎ ውሃ እየተሞላ በአሸዋ ደለል ላይ እንዲቀመጡ ተደርገዋል። ከነዚህ አንዱ፣ ዛሬ ሲላንድ የምትባለው የራፍስ ምሽግ፣ በፌብሩዋሪ 1942 ራፍ ሳንድስ በሚባለው ደለል ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ክብ ማማዎች እያንዳንዳቸው ሰባት ፎቅ አላቸው፤ ወታደሮቹ የሚተኙት በማማዎቹ ውስጥ ሲሆን የታችኞቹ ፎቆች ከባህሩ ወለል በታች ነበሩ። ከላይ ባለው መድረክ ላይ ፀረ አውሮፕላን መድፎች ተተከሉ፤ ሥራቸውም የመርከቦችን መተላለፊያ በፈንጂ ለመዝጋት የሚመጡ የጀርመን አውሮፕላኖችን መመከት ነበር። የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች በ1956 ወጥተው ምሽጉ ለአእዋፍ ቀረ። መሐንዲሱ ሲጨርሱ፣ ሲላንድ ደሴት ሳትሆን በፈቃድ የሰመጠች ጀልባ መሆኗን እንድናስታውስ አሳሰቡ። ያቺ ማሳሰቢያ ኋላ ላይ ለሕግ ክርክሩ ዋና ነገር ሆና ተገኘች።

4ኛው ተሳታፊ ደግሞ ከመስመር አወጣን። 1967 የሚለውን ሲያይ በእኛ አቆጣጠር ወስዶት፣ ሻለቃው ሀገር ያወጀው ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱ ሰሞን እንደሆነ ጻፈ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 በአእምሮው የተቀረጸ ቀን ስለሆነ ከሴፕቴምበር 2 ጋር ተደባልቆበታል። 5ኛው አረመው፤ የሲላንድ ቀን በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ይህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን 6ኛውና 7ኛው ስለዚያ መስከረም ትዝታ ማውራት ጀመሩ፤ ደግ ትዝታ ስለነበር አልከለከልኳቸውም።

8ኛውን የጻፈው በንግድ መርከብ ላይ የሚሠራ ወገናችን ነው። የብሪታንያ ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ ፊሊክስቶው ከምሽጉ ብዙ አይርቅም፤ እሱም ወደዚያ በገባበት ጉዞ በተረኛነት ቆሞ አይቶታል። ከሩቅ በውሃ ላይ የተተወ የግንባታ መድረክ ይመስላል ይላል። መርከበኞቹ ግን እንደ ሀገር አይቆጥሩትም፤ በባህር ካርታቸው ላይ ሊርቁት የሚገባ እንቅፋት ነው። ስለ ሕጉ አንድ ቃል አልጻፈም፤ በዚያ ቅዝቃዜና ማዕበል ሰው ልጆቹን ይዞ እዚያ ላይ ለመኖር ምን ያህል እልኸኛ መሆን እንዳለበት ብቻ አሰበ።

ይህ እልህ የሚለው ነገር ለ9ኛው ተቃዋሚዬ በር ከፈተለት። ትሑት ሰው ነው፤ ግን አልለቀቀኝም። ቤትስ በጦርነቱ የተዋጋ ሻለቃ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ባህሪ ትተህ ሁሉን በአንቀጽ ታስረዳለህ አለኝ። የልደት ስጦታውም ቢሆን ተረት ሳይሆን የሰውየው ማንነት መገለጫ እንደሆነ ተከራከረ።

በ10ኛው መልስ ረዘም አድርጌ ጻፍኩለት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሪታንያ ውስጥ ሬዲዮ ማለት ቢቢሲ ነበር፤ ወጣቱ የሚፈልገውን ዘፈን ግን በበቂ አያሰማም። በ1964 የፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ሮናን ኦራሂሊ የተባለ አየርላንዳዊ ሬዲዮ ካሮላይንን ከመርከብ ላይ ማሰራጨት ጀመረ። የብሪታንያ የባህር ክልል ያኔ ሦስት የባህር ማይል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሕጉ አይደርስም፤ የሬዲዮው ሞገድ ግን ያለ ችግር ለንደን ይደርሳል። መርከብ መግዛት ያልቻሉት ወደ ተጣሉት ምሽጎች ወጡ። ቤትስ በ1965 ኖክ ጆን በሚባለው ምሽግ ላይ ሬዲዮ ኤሴክስን ከፈተ፤ ሌሊቱን ጭምር ሃያ አራት ሰዓት የሚያሰራጭ ጣቢያ ነበር። ፍርድ ቤት ግን ኖክ ጆን ከብሪታንያ የባህር ክልል ውስጥ ነው ብሎ በገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሕግ ቀጣው። ጣቢያው በ1966 የፈረንጆች ገና ዕለት ጸጥ አለ። ቤትስም ዕቃውን ይዞ ከሦስቱ ማይል ውጭ ወደሚገኘው ወደ ራፍስ ሄደ። የሄደበትን አቅጣጫ የመረጠለት ፍቅር ወይም ጀብዱ ሳይሆን ዳኛው ያሰመሩት መስመር ነው፤ ይህን ሳያዩ ስለ ልዕልቷ ብቻ ማውራት ታሪኩን ከመሐሉ መጀመር ነው።

11ኛዋ ተሳታፊ ለረጅም ዓመታት ለንደን የኖረች ናት። አረጋውያን ጎረቤቶቿ ትንሿን ትራንዚስተር ከትራስ ሥር ደብቀው ያዳምጡ እንደነበር አጫውተዋታል፤ ከልባቸው የሚናፍቁት ነገር እንደሆነ ጻፈች። 12ኛው መልስ ግን ናፍቆቱን አጠቆረው፤ ያ ዓለም ደም የፈሰሰበት መሆኑን አስታወሰ። በሌላ ምሽግ ላይ ሬዲዮ ሲቲን ያስተዳድር የነበረው ሬጅ ካልቨርት በ1966 በጣቢያው ይዞታ የተነሳ በተፈጠረ ጠብ በጥይት ተገድሏል፤ ገዳዩም ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቋል።

13ኛው ይህን ይዞ ተነሳና ድምፁን ከፍ አደረገ። ራፍስ ባዶ አልነበረም አለ፤ የሬዲዮ ካሮላይን ሰዎች ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። ቤትስ አባሯቸዋል፤ በ1967 ሊመለሱ ሲሞክሩም በመሣሪያና በቤንዚን ጠርሙስ ተከላክሏል። ስለዚህ ሀገር መሥራች አትበሉት፣ የሌላውን ቦታ የቀማ ነው አለ። 14ኛው በቁጣ መለሰለት፤ የትኛው ሀገር በጨዋነት ተመሥርቶ ያውቃል የሚል ነበር ይዘቱ፣ ከስድብ ጋር። ስድቡ ተነስቷል። እኔ በፍሬ ነገሩ ከ13ኛው ጋር ነኝ። የተጣለ ምሽግ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም፤ ብሪታንያ ሠርታው ትታው ሄዳለች እንጂ ለማንም አልሰጠችውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሕግ ገባ። 15ኛው ተሳታፊ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ራሱ ሲላንድን በ1968 አውቋታል ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። ይህ አባባል በሁሉም ቦታ ይደጋገማል፤ ስህተት መሆኑንም 16ኛው፣ የሕግ ባለሙያ የሆኑት፣ በትዕግሥት አስረዱ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በምሽጉ አቅራቢያ የመርከብ መተላለፊያ ምልክት ለመጠገን የመጡ ሠራተኞች በነበሩበት ጊዜ ከምሽጉ የማስጠንቀቂያ ጥይት ተተኮሰ። ሮይና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ልጁ ማይክል በኤሴክስ ቼልምስፎርድ ችሎት ቀረቡ። ዳኛው ክሱን አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም የጦር መሣሪያ ሕጉ ከብሪታንያ ግዛት ውጭ ለተፈጸመ ድርጊት አይሠራም የሚል ነው። ባለሙያው እዚህ ላይ ቆም አሉ። ዳኛ በዚህ ቦታ ላይ ሥልጣን የለኝም ማለቱ ቦታው ሀገር ነው ማለቱ አይደለም። ከሦስት ማይል ውጭ ያለ ተራ ማዕበልም ያን ጊዜ ከዚያ ሕግ ውጭ ነበር፤ ማዕበሉን ግን ሀገር ያለው የለም።

15ኛው አልተዋጠለትም፤ በ17ኛው መልስ ተመልሶ የጀርመንን ነገር አመጣ። በኦገስት 1978 አሌክሳንደር አኸንባህ የተባለ ጀርመናዊ ያሰማራቸው ሰዎች ምሽጉን በኃይል ይዘው ማይክልን አገቱት። አባትየው በሄሊኮፕተር ተመልሶ ምሽጉን አስለቀቀና ከወራሪዎቹ ወገን አንድ ጀርመናዊ ጠበቃ አሰረ። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሰውየውን ለማስፈታት ለንደን ካለው ኤምባሲው ዲፕሎማት ላከ። ይህ እውቅና ካልሆነ ምንድን ነው? የሚል ነበር ጥያቄው፤ ቤትስም ራሱ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲል ኖሯል። ባለሙያው በ18ኛው መልሳቸው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1978፣ የኮሎኝ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የወሰነውን አነሱ። አንድ ጀርመናዊ የሲላንድ ዜግነት ስላገኘሁ የጀርመን ዜግነቴ ቀርቷል ይባልልኝ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ የአንድ ሀገር ግዛት የምድር ገጽ ተፈጥሯዊ አካል መሆን አለበት፣ ሕዝቡም አብሮ የሚኖር እውነተኛ ማኅበረሰብ ሊሆን ይገባል ብሎ ወሰነ። የሰመጠች ጀልባ የምትለው የመሐንዲሱ ማሳሰቢያ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ዲፕሎማት መላክም ቢሆን ዜጋን የማስለቀቅ ግዴታ ነው፤ መንግሥታት ለታገተ ሰው ሲሉ ከሽፍታም ጋር ይነጋገራሉ።

19ኛዋ ጠያቂ፣ ታዲያ እንግሊዞች ለምን ዝም አሉት? አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የመጡት መልሶችም አጫጭርና ጠቃሚ ነበሩ። 20ኛው በኦገስት 1967 የብሪታንያ ጦር መሐንዲሶች ሰንክ ሄድ የተባለውን ከአራቱ አንዱን ምሽግ ሌላ ሰው እንዳይገባበት በፈንጂ ማፍረሳቸውን ጠቀሰ። ራፍስ ላይ ግን ሰው ነበረበት፤ ቤተሰብ ያለበትን ማማ ማፈንዳት ደግሞ ለማንም መንግሥት ይከብዳል። 21ኛው ሌሎች እንደ እንግሊዝ አለመታገሣቸውን አሳየ። ኔዘርላንድ በ1964 ሬምን፣ ከጠረፏ ባሻገር የተተከለውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫ መድረክ፣ ወታደር ልካ ዘግታለች። ጣሊያን በ1968 ጆርጆ ሮዛ የተባለ መሐንዲስ ከሪሚኒ ፊት ለፊት በሠራው መድረክ ላይ ያወጀውን የሮዝ ደሴት ሪፐብሊክ በሁለት ወር ውስጥ ይዛ፣ በተከታዩ ዓመት አፍርሳዋለች። ሲላንድ የተረፈችው ጠንካራ ስለሆነች ሳይሆን ጎረቤቷ እሷን ለማስወጣት የሚከፈለውን ዋጋ ሳይፈልገው ስለቀረ ነው።

ከ22 እስከ 26 ያለውን እዘለዋለሁ። ባህር፣ ሦስት ማይል፣ ወደብ የሚሉ ቃላት በአማርኛ መድረክ ላይ ሲነሱ ወዴት እንደሚወስዱ አንባቢ ያውቃል፤ አሰብ ተነሳ፣ ሶማሊላንድ ተነሳች፣ ሁለት ሰዎች ተጋጩ፣ አወያዩ ለጉዳዩ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቀ። ከዚህ መካከል አንዱ ነጥብ ብቻ ይቆጠርልኝ፤ 24ኛው ተሳታፊ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን፣ የራሱ ታሪክ ያለውን የሶማሊላንድን ሕዝብ ጉዳይ በአንድ ቤተሰብ መድረክ መመሰል ነውር ነው ብሏል። ልክ ነው።

27ኛው መልስ የክሩን ስሜት ለወጠው። የጻፈችው አውሮፓ የምትኖር እህት ናት። ሲላንድን እንደ ጨዋታ ማየት እንደማትችል ነገረችን። አንድ ዘመዷ በስደት መንገድ ላይ ሳለ፣ የትም የማያስገባ፣ ማንም ሀገር የማያውቀው የወረቀት «ፓስፖርት» በደላላ ተሸጦለት ገንዘቡም ጊዜውም ቀልጧል። የሲላንድ ይሁን የሌላ አታውቅም፤ ግን እንዲህ ያለ ሰነድ የሚያትም ሁሉ በዚያ ገበያ ላይ እጁ አለበት ትላለች። 28ኛው ስላቅ ያዘለ ነገር ወርወር አደረገ፤ የሲላንድን የማዕረግ ስም በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ ሳሎኑ ላይ እንደሰቀለ ጽፎ እሷን ሳቂ አላት። እኔም በ29ኛው መልስ ያለ ማለዘብ ነገርኩት፦ ለመዝናናት የማዕረግ ወረቀት የገዛ ሰው ሕይወቱን በወረቀት ላይ ባስያዘ ስደተኛ ፊት ሊስቅ አይገባውም። ሲላንድ በ1997 ያወጣቻቸውን ፓስፖርቶች ሁሉ ሽራለች፤ ምክንያቱም በስሟ የተሠሩ ሐሰተኛ ሰነዶች በወንጀለኞች እጅ በዓለም ዙሪያ ተበትነው ነበር። ቤተሰቡ በዚያ ንግድ ውስጥ የለንበትም ብሏል። ይሁን። ፓስፖርት ማተም የጀመረው ማን እንደሆነ ግን ይታወቃል። 28ኛው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም፤ እህታችንን ጋሼ መሐንዲሱ አጽናኗት።

30ኛው ስለ ሄቨንኮ አነሳ፤ በ2000 በምሽጉ ላይ የተከፈተውና ከመንግሥታት ሕግ ውጭ መረጃ አስቀምጣለሁ ይል የነበረው የኮምፒውተር ድርጅት በ2008 ተዘግቷል። የሚገርመው ሐሳቡ ያው መሆኑ ነው፤ በሬዲዮ ፋንታ ኮምፒውተር፣ ቀሪው የ1966ቱ ስሌት።

31ኛው ዛሬ እንዲህ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የሕግ ባለሙያው አይቻልም አሉ። ብሪታንያ በ1987 የባህር ክልሏን ወደ 12 የባህር ማይል ስላሰፋች ራፍስ በውስጡ ገብቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የባህር ሕግ ስምምነትም ሰው ሠራሽ ደሴቶችና ግንባታዎች የደሴትነት ደረጃም ሆነ የራሳቸው የባህር ክልል እንደሌላቸው በአንቀጽ 60 ይደነግጋል። ቤትስ የገባበት ቀዳዳ ተደፍኗል። እሱ ራሱ በ2012 አርፏል፤ ርስቱን ልጁ ማይክል ይዟል።

በ33ኛው መልስ 9ኛው ተቃዋሚዬ ተመልሶ መጣ፤ ከሁሉም የጠነከረውን ጥያቄም ይዞ ነበር። የሲላንድ ምክንያት ሬዲዮ ከሆነ፣ ከራፍስ ላይ ለምን አንድ ቀን እንኳ ሬዲዮ አልተሰራጨም? መሣሪያው እዚያው ነበር፣ ሦስቱ ማይል ታልፏል፣ ሰውየው ግን ዘፈን ትቶ ባንዲራ ሰቀለ። ስለዚህ የፈለገው ሀገር ነበር አለ።

ቀኖቹን ደርድሬ መለስኩለት። ኦገስት 14 ቀን 1967 በባህር ላይ ስርጭት የሚከለክለው አዲሱ አዋጅ ሥራ ላይ ዋለ። አዋጁ ማይል ብቻ አይቆጥርም፤ የብሪታንያ ዜጋ የሆነን ሁሉ በያለበት ይይዛል፤ ለጣቢያው ምግብ የሚያደርስን፣ ማስታወቂያ የሚሰጥንም ይቀጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሦስት ማይል መውጣት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከብሪታንያዊነት መውጣት ያስፈልጋል። በ19ኛው ቀን ቤትስ ነጻነት አወጀ። በዚያው ሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ ቢቢሲ ለወጣቱ የሚሆን አዲስ ጣቢያ፣ ሬዲዮ 1ን፣ ከፈተ፤ ከባህር ላይ ጣቢያዎች የመጡ አቅራቢዎችንም ቀጠረ። አድማጩ ወደ የብስ ተመለሰ፣ ማስታወቂያውም ተዘጋ፤ ሬዲዮው የሚተዳደርበት ገቢ አልቀረለትም። ለሬዲዮው ተብሎ የተዘጋጀው መከላከያ ግን የሚከላከለው ነገር ከሞተ በኋላ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሲላንድ ያ መከላከያ ናት።

ተቃዋሚዬ በ35ኛው መልሱ ቀኖቹን ተቀበለ፤ ግን ብዙ የሬዲዮ ባለቤቶች አዋጁ ሲመጣ ጣቢያቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ይህ ሰው ብቻ ሀገር ማወጁን ሕጉ አያስረዳም፤ ያ የሰውየው ነው አለ። በዚህ አልተጣላንም። ለእሱ ባህሪው ይቀድማል፣ ለእኔ ችሎቱ።

የመጨረሻው፣ 36ኛው፣ የሕግ ባለሙያው ነው። የኖክ ጆን ጉዳይ ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል ይላሉ፤ ሦስቱ ማይል የሚቆጠረው ከየት ነው? ከደረቁ ጠረፍ ነው፣ በወንዙ አፍ ላይ ከሚሰመረው መስመር ነው ወይስ ባህሩ ሲሸሽ ብቅ ከሚሉት የአሸዋ ደለሎች? መነሻው ሲለወጥ ያው ምሽግ ውስጥም ውጭም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ብቻ ራሱን የቻለ ክር እንደሚከፍቱ ጽፈዋል፤ እጠብቃቸዋለሁ።